ያልደረሰ ሲስተም፦ የሎስ አንጀለስ የውሃና መብራት ቢል ጉዳይ

ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባል ሰፈር አለ። ከተማዋ ይህን ስም በይፋ የሰጠችው በ2002 ነው። እዚያ ምግብ ቤት ያለው ሐበሻ ፍሪጁ ሌት ተቀን ሲሠራ፣ ዕቃ ሲታጠብ ውሎ ሲያመሽ፣ የሚከፍለው ለአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ለከተማው የውሃና መብራት መምሪያ። ጎረቤቱ ሜክሲኳዊም፣ ኮረብታው ላይ ያለው የፊልም ሰውም የሚከፍሉት ለዚሁ ነው። ዋጋው አልተመቸኝም ብሎ ወደ ሌላ መሄድ የለም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ መምሪያ የቢል ሲስተም ግዥ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ። ጉዳዩን የመረጥኩት በግዥ ሥራ ላይ ላለ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ስለማላውቅ ነው። መጀመሪያ ሲስተም ተገዛ። ሲስተሙ ተበላሸ። ከዚያ ብልሽቱ ራሱ ገበያ ሆነ። መጨረሻው ወህኒ ቤት ነው።

መምሪያው የተቋቋመው በ1902 ነው። አሜሪካ ውስጥ በከተማ አስተዳደር ሥር ካሉት የውሃና መብራት ድርጅቶች ትልቁ ነው። ወደ 4 ሚሊዮን ሕዝብ ያገለግላል። ለመኖሪያ ቤቶች ቢል የሚልከው በየሁለት ወሩ ነው። ውሃ፣ መብራት፣ ፍሳሽ፣ ቆሻሻ ማንሻ፣ ሁሉም አንድ ወረቀት ላይ ይመጣል። ይህን ወረቀት የሚያወጣው ሲስተም ግን አርጅቶ ነበር። ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ነበረው። መቀየር እንዳለበት ማንም አልተከራከረም።

በ2010 መምሪያው ፕራይስዋተርሃውስኩፐርስ ከተባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብና የማማከር ድርጅት ጋር ውል ገባ። ሰዉ በአጭሩ ፒደብሊውሲ ይለዋል። ሶፍትዌሩ የኦራክል ኩባንያ ምርት ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ ሌሎች የውሃና የመብራት ድርጅቶችም የሚጠቀሙበት። የፒደብሊውሲ ሥራ ይህን ሶፍትዌር ከመምሪያው አሠራር ጋር ማገጣጠምና ሥራ ማስጀመር ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። የቢል ሲስተም ጨረታ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ሁሉም የሚያወራው ስለ ሶፍትዌሩ ነው። ስክሪኑ ያምራል፣ ሪፖርቱ ቶሎ ይወጣል፣ ደንበኛው ከቤቱ ሆኖ ይከፍላል። ከባዱ ሥራ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። አሮጌው ሲስተም ውስጥ የብዙ ዓመት ዳታ ተጠራቅሟል። ሁለት ቆጣሪ ያለው አንድ ቤት አለ። አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ሦስት ቤቶች አሉ። ቆጣሪው ተቀይሮ ቁጥሩ ያልተቀየረለት አለ። ተከራዩ ከወጣ ቆይቶ ስሙ ግን የቀረ አለ። ቅናሽ የሚደረግላቸው አዛውንት አሉ። ይህ ሁሉ የተጻፈው አሮጌው ሲስተም ውስጥ ነው። ካልሆነም አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሁሉም ወደ አዲሱ መሻገር አለበት። አንዱ ሲሳሳት የሆነ ሰው ቤት የተሳሳተ ቢል ይገባል።

ስለዚህ የዚህ ዓይነት ግዥ ዋጋው የሚወጣው ዳታ በማጥራትና በመሞከር ላይ ነው። በጀት ሲያጥር፣ ቀኑ ሲደርስ፣ መጀመሪያ የሚቆረጠውም ይኸው ነው። ምክንያቱም አይታይም። ያልተሠራ ስክሪን ሁሉም ያየዋል። ያልተሞከረ ዳታ የሚታየው ቢሉ ከወጣ በኋላ ነው።

ሴፕቴምበር 2013

አዲሱ ሲስተም ሥራ የጀመረው በሴፕቴምበር 2013 መጀመሪያ ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጩኸት ተጀመረ።

አንዳንዱ ደንበኛ በመቶዎች ይከፍል የነበረው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ክፈል ተባለ። ሌላው ለወራት ምንም ቢል ሳይደርሰው ቆየ። ከዚያ ሁሉም ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መጣበት። ቆጣሪያቸው ሳይነበብ በግምት የተሰላባቸው ብዙ ነበሩ። መምሪያው ጋ ሲደወል መስመሩ ላይ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ መጠበቅ ነበር። የምሳ እረፍቱን ተጠቅሞ የሚደውል የቀን ሠራተኛ ይህን ያህል ጊዜ የለውም። ስልኩን ይዘጋል፤ ቢሉ ግን አይዘጋም።

ስለ ግምቱ ትንሽ ላብራራ፤ የገንዘቡ ጉዳይ እዚያ ላይ ነው። ቆጣሪ ካልተነበበ ሲስተም ይገምታል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። በሩ ከተቆለፈ፣ ግቢው ውስጥ ውሻ ካለ፣ የትም አገር ያለ የመብራት ድርጅት ይገምታል። በሚቀጥለው ንባብ ይስተካከላል። ችግሩ የሚመጣው ግምቱ ሲበዛና ሲጋነን ነው። ታሪፉ እንደ እኛ አገር መብራት ደረጃ አለው። ብዙ የተጠቀመ ለትርፉ ከፍ ባለ ዋጋ ይከፍላል። አንድ ቤተሰብ በሁለት ወር 600 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀመ እንበል። ሲስተሙ 1,100 ብሎ ገመተ። ከትርፉ 500 ውስጥ አብዛኛው የሚሰላው በላይኛው ዋጋ ነው። በሚቀጥለው ቢል የንባቡ ቁጥር ቢስተካከል እንኳ፣ ዋጋው ወደ ኋላ ተመልሶ ካልተስተካከለ ገንዘቡ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ይህ ስሌት ምሳሌ ነው፤ ነገሩ እንዲታይ ብዬ ያመጣሁት። ግን ደንበኛ ይህን ዓይነት ስህተት ወረቀቱን አይቶ ሊያገኘው አይችልም። እሱ የሚያየው ታች ላይ በደማቁ የተጻፈውን ድምር ነው።

የመምሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሮን ኒኮልስ በጃንዋሪ 2014 ሥራ መልቀቃቸውን አስታወቁ። ሲስተሙ ግን አልተስተካከለም።

በማርች 2015 የካሊፎርኒያ ግዛት ኦዲተር በጉዳዩ ላይ ሪፖርት አወጣ። እኔን እጅግ ያሳዘነኝ እዚህ ላይ ያለው ነው። መምሪያው ፕሮጀክቱን በገለልተኛነት የሚከታተል የጥራት አማካሪ ቀጥሮ ነበር። ይህ አማካሪ ሲስተሙ ገና ዝግጁ አይደለም ብሎ አስጠንቅቋል። ሙከራው አላለቀም። ችግሮች ክፍት ነበሩ። የመምሪያው አመራር ይህን እያወቀ ሥራ አስጀመረው። ቦርዱ ደግሞ የፕሮጀክቱን እውነተኛ ሁኔታ በአግባቡ አልተነገረውም።

እስቲ ይህን በአገራችን ሁኔታ እናስበው። አማካሪ ይቀጠራል፤ ሪፖርት ይጽፋል፤ ሪፖርቱ የሚደርሰው ፕሮጀክቱን ለሚመራው ሰው ነው። ያ ሰው ሥራው በተባለው ቀን ይጀመራል ብሎ ለአለቃው ቃል ገብቷል። ስለዚህ «አልደረሰም» የሚለው ወረቀት የሚያርፈው «ደርሷል» ብሎ የማለ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ወረቀቱ ከዚያ ጠረጴዛ ባያልፍ ምን ይገርማል? አማካሪው በቀጥታ ለቦርዱ ሪፖርት እንዲያደርግ ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ ኖሮ፣ ቢያንስ ቦርዱ አላወቅኩም ማለት አይችልም ነበር። እኔ የአማካሪ ቅጥር ሰነድ ሳይ አሁን መጀመሪያ የምፈልገው ይህችን ዓረፍተ ነገር ነው።

የልምድ ማስረጃው

ኦዲቱ በወጣበት ወር፣ ማርች 2015፣ ከተማው ፒደብሊውሲን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ድርጅቱ ሥራውን ያገኘው ስለ ልምዱ ያልሆነውን ነው ብሎ ነው። በተለይ ክሊቭላንድ ከተማ ላይ የዚህን የኦራክል ሶፍትዌር ሥራ በተሳካ ሁኔታ ሠርቻለሁ ማለቱ ትክክል አልነበረም ይላል። ፒደብሊውሲ ክሱን አልተቀበለም። ጥፋቱ የመምሪያው የራሱ ነው ብሎ ተከራከረ።

ማን እውነት እንዳለው በኋላ እመለስበታለሁ። ግን ክሱ የተነሳበትን ነጥብ ልብ በሉት። ተጫራች «ይህን ሥራ እገሌ ከተማ ላይ ሠርቻለሁ» ይላል። እኛ አገር ይህ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ነው። ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ። ገምጋሚው ኮሚቴ ደብዳቤው አለ ወይስ የለም ብሎ ነው ነጥብ የሚሰጠው። ስንት ኮሚቴ ነው ስልክ አንስቶ የጻፈውን መሥሪያ ቤት «ሲስተሙ ዛሬም እየሠራ ነው? ስንት ወር ዘገየ? ቢል የተሳሳተበት ደንበኛ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ? በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚወጣበት ግዥ ላይ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የአንድ ሰው አውሮፕላን ትኬት ነው። ይህን ከማድረግ ይልቅ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ «ተታልዬ ነበር» ማለት በጣም ውድ ነው። ሎስ አንጀለስ ያየችው ይህንን ነው።

ከሳሽም እኛ፣ ተከሳሽም እኛ

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ስለ ሲስተሙ መሆኑ ይቀራል።

ቢል የተጋነነባቸው ደንበኞች መምሪያውን መክሰስ ጀምረው ነበር። በብዙ ሰው ስም የሚቀርብ የቡድን ክስ ነው። ከተማው ደግሞ ሁለት ነገር ፈለገ። ከደንበኞቹ ጋር ያለውን ክስ በሚመቸው መንገድ ቶሎ መጨረስ፣ ከዚያም የከፈለውን ሁሉ ከፒደብሊውሲ ላይ ማስመለስ። በልዩ ጠበቃነት ከቀጠራቸው ሰዎች አንዱ ፖል ፓራዲስ የሚባል የኒው ዮርክ ጠበቃ ነበር።

ፓራዲስ አንድ ቢል የተጋነነበትን ደንበኛም ይወክል ነበር። ደንበኛው ጠበቃው ለከተማውም እንደሚሠራ አያውቅም። ሰውየው ጠበቃ ይዣለሁ ብሎ ተስፋ አድርጎ ተቀምጧል። ጠበቃው ግን የሚሠራው ለዚያው ቢሉን ለላከለት መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያ ፓራዲስ ይህን ደንበኛ ለአንድ የኦሃዮ ጠበቃ አስተላለፈው። የኦሃዮው ጠበቃ በኤፕሪል 2015 በደንበኛው ስም ከተማውን ከሰሰ። ከተማውና ይህ ጠበቃ ቶሎ ተስማሙ። ሌሎቹ ከሳሾች ወደ ዳር ተገፉ።

በስምምነቱ መሠረት ለደንበኞች የተመለሰው ገንዘብ ወደ 67 ሚሊዮን ዶላር ነው። መምሪያው ሲስተሙን ለማስተካከል 20 ሚሊዮን ዶላር ለማውጣትም ተገደደ። ፍርድ ቤቱ በ2017 አጸደቀው። በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ውጤት ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነበር። የኦሃዮው ጠበቃ ከተፈቀደለት የጥብቅና ክፍያ ላይ ወደ 2.2 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ለፓራዲስ በድብቅ ሰጠ። አዲስ አበባ ላይ «ኮሚሽን» የምንለው ዓይነት ነው። ፓራዲስ በኋላ ይህን ጥፋት አምኗል።

ደንበኛው ራሱን የሚከላከልበት ክስ የተሠራው በተከሳሹ ወገን ጠበቃ ነው። ይህን ሳነብ ደግሜ ነው ያነበብኩት። ቢሉን በግምት ያጋነነበት መሥሪያ ቤት፣ ክሱንም በራሱ ልክ አሰፋለት።

ያለ ጨረታ

የግዥ ሰው ሆኜ በጣም የምናደድበት ክፍል ይኸኛው ነው።

ሲስተሙ መስተካከል አለበት። የፍርድ ቤት ስምምነት አለ፤ ቀነ ገደብ አለ፤ ሕዝቡ ተቆጥቷል። ታዲያ ማን ያስተካክለው? ፓራዲስ አቬንታዶር የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው ከተመሠረተ ገና ጥቂት ወራት ነው። በጁን 2017 የመምሪያው ቦርድ ለዚህ ኩባንያ የ3 ዓመት፣ የ30 ሚሊዮን ዶላር ውል አጸደቀ። ጨረታ አልወጣም። እኛ አገር «ከአንድ አቅራቢ የሚፈጸም ግዥ» የሚባለው ነው።

የዚያን ጊዜው ዋና ሥራ አስኪያጅ ዴቪድ ራይት ይባላሉ። ውሉ እንዲጸድቅ ገፉበት። ለምን እንደገፉበት ኋላ ላይ ፍርድ ቤት ቀርበው ያመኑት እንዲህ ነው። ከመምሪያው ሲወጡ የአቬንታዶር ዋና ሥራ አስፈጻሚ ይሆናሉ። በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ደመወዝ ይከፈላቸዋል። የቅንጦት መኪናም ይጨመራል። ሻንጣ ውስጥ የገባ ብር የለም። ቃል ነው። ነገ የሚሰጥ ሥራ ነው።

ይህን ዓይነት ጉቦ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ኦዲተር የባንክ ሂሳብ ቢመረምር ምንም አያገኝም። ገንዘብ ገና አልተነቃነቀም። ኃላፊው ቦርዱ ፊት ቆሞ «ጊዜ የለንም፣ ሥራውን የሚያውቀው ይህ ድርጅት ብቻ ነው» ሲል የሚያምን ሰው ሊኖር ይችላል። ምክንያቱም ከፊሉ እውነት ነው። ጊዜ በእርግጥ የለም። ሲስተሙ በእርግጥ ተበላሽቷል። ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቶሎ ይስተካከል ይላል።

ለዚህ ነው ጥድፊያ በግዥ ውስጥ የሚያስፈራኝ። ጨረታ ሲዘለል ሁልጊዜ ጥሩ ምክንያት ይቀርባል። የእኛም የግዥ ሕግ ከአንድ አቅራቢ መግዛትን በጠባብ ሁኔታ ይፈቅዳል። ለምሳሌ አስቸኳይ ሁኔታ ሲኖር። ግን ጥድፊያውን የፈጠረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ አብሮ መጠየቅ አለበት። ሎስ አንጀለስ ላይ ሲስተሙ ከተበላሸ ወደ 4 ዓመት ሊጠጋ ነበር። በ4 ዓመት ውስጥ አንድ ግልጽ ጨረታ ማውጣት ይቻላል። ሁለትም ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የተበላሸ ሲስተም የሚሠራ ሲስተም የማያመጣውን ገቢ ያመጣል። የሚሠራው ሲስተም አንዴ ይከፈልበታል፤ ከዚያ ጥገናው ብቻ ይቀራል። የተበላሸው ግን ጠበቃ ይፈልጋል፣ አማካሪ ይፈልጋል፣ አስተካካይ ይፈልጋል፣ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ውል አለው። ፓራዲስ ከአንድ ብልሽት ሦስት ጊዜ ነው ያገኘው። የከተማው ጠበቃ ሆኖ፣ ከኦሃዮው ጠበቃ በድብቅ ተቀብሎ፣ ከዚያም አስተካካዩ ኩባንያ ሆኖ።

የነጥብ አሰጣጡ

በዚህ መዝገብ ውስጥ ያለ ጨረታ የተሰጠውን ውል ብቻ አይደለም የምናገኘው። ጨረታ ወጥቶም የተበላሸ አለ።

ዴቪድ አሌክሳንደር የመምሪያው የሳይበር ደኅንነት ከፍተኛ ኃላፊ ነበሩ። በ2019 የደቡብ ካሊፎርኒያ የመብራት ድርጅቶች በጋራ የሚገዙበት ተቋም የሳይበር አገልግሎት ጨረታ አወጣ። አቬንታዶር በዚያን ጊዜ ስሙን ቀይሮ አርደንት ተብሏል። አሌክሳንደር ገምጋሚ ነበሩ። አርደንት ከአሸናፊዎቹ መካከል እንዲገባ የነጥብ አሰጣጡን አዛቡ።

ገምግሞ የሚያውቅ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። የምትፈልገውን ድርጅት ነጥብ ሰማይ ማድረስ አያስፈልግም። ያ ዓይን ይስባል። የሌሎቹን ትንሽ ትንሽ መቀነስ ይበቃል። ለአንዱ «የሥራ ዕቅዱ ግልጽ አይደለም» ብሎ ሁለት ነጥብ፤ ለሌላው «ባለሙያዎቹ በቂ አይደሉም» ብሎ ሦስት። እያንዳንዱ ቅናሽ ለብቻው ሲታይ አሳማኝ ነው። ኮሚቴው የአንዱን ገምጋሚ ነጥብ ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ «አንተ ብቻ ለምን እዚህ ላይ ዝቅ አደረግክ?» ካላለ በስተቀር አይታይም። ድምሩና አማካዩ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የግምገማ ቃለ ጉባኤ ላይ አማካዩ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሰው ነጥብ ከነምክንያቱ ተያይዞ መቀመጥ አለበት። ይህ የወረቀት ማብዛት አይደለም።

አንድ የክስ ረቂቅ

ነገሩ የወጣው ከኦዲት አይደለም። ከቦርድም አይደለም። ራሱን ከሚከላከል ተከሳሽ ነው።

ፒደብሊውሲ በከተማው የተከሰሰበትን ጉዳይ ሲከላከል ጠበቆቹ ሰነድ ይጠይቁ ነበር። ከጠየቁት ውስጥ አንድ የክስ ረቂቅ ነበረ። ያ ቢል የተጋነነበት ደንበኛ ፒደብሊውሲን የሚከስበት ረቂቅ። ያዘጋጀው የከተማው ልዩ ጠበቃ ነው። ከተማው ሰነዱ በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለ ምስጢር ነው ብሎ ተከላከለ። የፒደብሊውሲ ጠበቆች አልለቀቁም። ጥያቄያቸው ቀላል ነው። የከተማው ጠበቃ፣ ከተማውን የሚከስ ሰው ስም ያለበት የክስ ረቂቅ ምን ሲሠራ ጻፈ? ክሩ ከዚያ ተተረተረ።

ከዚያ በፊት ግን ነገሩ አንዴ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። በ2017 መጨረሻ ለአንደኛው ልዩ ጠበቃ ትሠራ የነበረች ሴት ያወቅኩትን አወጣለሁ ብላ አስፈራራች። ዝም እንድትል 800,000 ዶላር ተከፈላት። ቶማስ ፒተርስ የሚባሉት የከተማው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ከፍተኛ ኃላፊ ይህ እንዲከፈል በመግፋታቸው በኋላ ጥፋተኛ ነኝ ብለዋል።

ጁላይ 22 ቀን 2019 ኤፍቢአይ የመምሪያውን ዋና መሥሪያ ቤትና የከተማውን ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ፈተሸ። በማግሥቱ ራይት ከኃላፊነታቸው ተነሱ። ፓራዲስ በዚያን ጊዜ ከኤፍቢአይ ጋር መተባበር ጀምሮ ነበር። ሲነጋገር ይቀዳ ነበር።

ራይት በኤፕሪል 2022 የ6 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ 75,000 ዶላርም ተቀጡ። አሌክሳንደር ለመርማሪዎች በመዋሸት በጁን 2022 የ4 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ፒተርስ በ2023 የ9 ወር የቤት ውስጥ እስርና የ50,000 ዶላር ቅጣት አገኙ። ፓራዲስ በኖቬምበር 2023 የ33 ወር እስራት ተፈረደበት። የጊዜው የከተማው ዋና ዐቃቤ ሕግ ስለ ሽርክናው የማውቀው የለም ብለዋል፤ ክስም አልቀረበባቸውም።

ከተማው በፒደብሊውሲ ላይ ያቀረበውን ክስ በሴፕቴምበር 2019 አነሳ። ማስቀጠል አልቻለም። የራሱ ጠበቆች የሠሩት መዝገቡን አቆሽሾታል። ከፒደብሊውሲ አስመልሰዋለሁ ብሎ ያሰበው ገንዘብ በዚያው ቀረ።

እንዲያውም ከፋዩ ራሱ ከተማው ሆነ። ዳኛው በ2020 ከተማው ማስረጃ በመደበቁና ሂደቱን በማጓተቱ ለፒደብሊውሲ 2.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ከተማው ይግባኝ ጠየቀ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረለት። ጉዳዩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦገስት 2024 ዳኞች እንዲህ ያለውን ቅጣት የመጣል ሥልጣን አላቸው ብሎ ለፒደብሊውሲ ፈረደ። ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ 11 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

ማን እውነት እንዳለው እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። መልሱ የለም። የልምድ ማስረጃው ሐሰት ነበር ወይስ አልነበረም፣ ሲስተሙን ያበላሸው ሻጩ ነው ወይስ ገዢው፣ ምስክር ቀርቦ፣ ማስረጃ ተመዝኖ፣ ፍርድ አልተሰጠበትም። ክሱ ሲነሳ ጥያቄውም አብሮ ተዘጋ።